የሦስታችን ኢሜይል

ሰኞ

የፋጡማ ሁለት የፊት ጥርሶች የሉም። ባሏ ሙስጠፋ በቡጢ አወለቃቸው። ታናሽ እህቴ ከሮተርዳም፣ ከዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ ሌላ ከተማ እኔ እስካለሁበት ኦስዶርፕ አፏን በሻርፕ ይዛ በባቡርና በትራም መጣች። "ለጠየቀኝ ሁሉ ወደቅኩ ነው ያልኩት" አለች። ደሜ ፈላ። ያን ሰውዬ እንደ በርበሬ ብወቅጠው ደስ ይለኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ግን እውነቴን ነው።

ደግነቱ ይህን ቤት የተከራየሁት ባለፈው ወር ነው፤ ውሉን በእጅ ነው የፈረምኩት፣ አድራሻዬንም ገና የትም አላስመዘገብኩም። ሙስጠፋ አያውቀውም።

ማክሰኞ

ሐኪም ጋ ተደውሏል። ሾርባ ጠጥታለች። ፖሊስ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወለል ላይ መተኛቷ አንጀቴን በላው፤ በስልኬ ፍራሽ አዘዝኩላት።

ረቡዕ

ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

ፍራሹ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለማየት ኢሜይሉን ከፈትኩ። ኢሜይሉ የሦስታችን ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ቤት ስንኖር ሙስጠፋ ከፈተልን፤ የማዘጋጃ ቤቱም፣ የሐኪሙም፣ የአከራዩም ደብዳቤ እዚያው ይገባል። "ቤተሰብ ምን የሚደባበቀው አለ?" ነበር ያለን። እሺ አልን። ለየብቻ እንክፈት ማለት ያኔ ነውር ነበር።

የፍራሹ መልእክት ደምቆ ይታያል፣ ገና አልተነበበም። አድራሻዬ ከነቤት ቁጥሩ አለበት። ጣቴ ሳይነካው፣ ዓይኔ እያየ፣ ፊደሉ ቀጠነ። ሌላ ሰው ከፈተው። ፋጡማ አጠገቤ ተኝታለች።

የይለፍ ቃሉን ልቀይር ብል ማረጋገጫው የሚሄደው ወደ ሙስጠፋ ስልክ ነው። መልእክቱን አጠፋሁት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቀስቅሼ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፣ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። "እታለም፣ አንቺንም ይገድልሻል።"

"ይሞክራ!" አልኳት። ጫማዋን መልሼ አስወለቅኳት። ፖሊስ ጋ ደወልኩ። በር እንዳትከፍቱ አሉኝ።

ሐሙስ

መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከወደብ ሥራው ከነልብሱ። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ "ሐያት፣ እህቴ፣ ሚስቴን ስጪኝ" አለ። እንደገና ፖሊስ ጋ ደወልኩ። ባልከፍትለት በሩን በብረት ይቀጠቅጠው ጀመር። መስታወቱ ረገፈ። እጁን አስገብቶ መቀርቀሪያውን ሲፈልግ ክንዱን በዘነዘና መታሁት። የመጀመሪያው ምት በሩን ለማዳን ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለጥርሷ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ዘነዘናውን ከእጄ ጣልኩት።

ፖሊሶቹ ደረሱ። እሱ ክንዱን ታቅፎ እኔን ይከሳል። ፋጡማ ከጓዳ ወጣች፣ አፏን ከፍታ አሳየቻቸው፣ "እሱ ነው" አለች።

ወላሂ፣ ኮራሁባት።

ዓርብ

ጉዳዩን የያዘችው ፖሊስ ደወለች። ሙስጠፋ ዛሬ አይለቀቅም፤ ስለ ነገ እርግጠኛ አይደለችም። እኔም ስለ ዘነዘናው ቃሌን እሰጣለሁ። ይሁን።

የክሱን ወረቀት የምትልክበት ኢሜይል ጠየቀችኝ። አፌ ለምዶ ያንኑ የሦስታችንን ልጠራላት ስል ፋጡማ ስልኩን ነጠቀችኝና "ቆይተን እንሰጥሻለን" አለቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ ለራሷ አዲስ ከፈተች፣ ስሟንም ፊደል በፊደል ጻፈች። የይለፍ ቃሉ ጋ ስትደርስ እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አይ ነበር።

"እታለም፣ ዞር በይ።"

እኔን? አጥንት የሰበርኩላትን? ተናደድኩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ጨረስኩ እስክትለኝም ጀርባዬን ሰጥቻት ቆምኩ።