ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ

ለምትናፍቂኝ ጓደኛዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ በጤና አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። እማማም ዛሬ ደህና ናቸው። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝና የቀረውን ተቀምጠሽ አንብቢ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ስልኬ ተበላሽቶ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምን ብዬ ላናግርሽ? አደራ ብለሽ የቤቱን ቁልፍ የሰጠሽው ለኔ ነው፤ አደራሽን በላሁ።

ጉልበታቸው ብሶባቸው ደረጃውን በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ መውረድ ጀምረው ነበር። ለልጄ እንዳትነግሪ ብለው አስማሉኝ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲያቃስት መስማት አልችልም። ፀጉር ቤታችን ውስጥ ዶክተሯ እያልን የምንቀልድባት ባልደረባ አለች፤ ቆመን ስንውል ወገባችንን ሲቆርጠን ከቦርሳዋ ክኒን የምታድለን እሷ ናት። ለእማማ ብዬ ጠየቅኋት፤ ኢቡፕሮፌንም ዲክሎፌናክም ሰጠችኝ።

እኔ የፀጉር ቀለም ቀቢዋ ምን ብል ጥሩ ነው? ኃይለኛ ቀለም የራስ ቆዳ እንዳያቃጥል ግማሽ ከዚህ፣ ግማሽ ከዚያ ቀላቅለን እናለዝበዋለን። ክኒኑንም እንደዚያው በምላጭ ከፈልኩና ግማሽ ግማሹን አንድ ላይ አስዋጥኳቸው። ያውም በባዶ ሆድ! ቀለል አላቸውና መረቁኝ። ሲመርቁኝ ጊዜ ከግማሽ ወደ ሙሉ አሳደግኩት፤ ምርቃት ወዳድ! ለልባቸው በየቀኑ አስፒሪን እንደሚወስዱ አንቺው ነግረሽኛል። እሱ የልብ ነው፣ ይሄ የጉልበት ነው ብዬ ተውኩት።

ሆዴን አቃጠለኝ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ግን አፍረው ደብቀውኛል። አንድ ጠዋት ስገባ ፊታቸው ነጥቶ፣ በላብ ተዘፍቀው ወለል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎረቤታችን ሾፌሩ ነው ተሸክሞ አውርዶ ሆስፒታል ያደረሰን።

ሐኪሙ ምን ማስታገሻ ሲወስዱ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ምንም አልወሰድኩም አሉ፤ እኔን እያዩ፣ ለኔ ብለው። ወይኔ ጉዴ! ምናለ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እኔስ? እውነቱን ልንገርሽ፣ አንሶላቸውን ማስተካከል ያዝኩ። ነርሷ ለጉልበታቸው የማስታገሻ መርፌ ልስጣቸው ወይ ብላ ስትጠይቅ ነው አፌ የተከፈተው። እኔ ነኝ የሰጠኋቸው አልኩ፣ ሰው በሞላበት ክፍል። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስማቸውና መልካቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ክኒኖች የአንድ ወገን ናቸው፣ ሲደራረቡ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ፤ በዚህ ዕድሜ፣ ከአስፒሪን ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል አለኝ። የእማማ ጨጓራ ቆስሎ ሲደማ ሰንብቷል። ደም ተሰጣቸውና መድማቱ ቆመ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል በልክ አዘዘላቸው። ሌላ ማስታገሻ እሱን ሳንጠይቅ አይቀምሱም፤ አስፒሪኑንም ቢሆን በገዛ እጃችን አናቆምም፣ አንጀምርም።

ከዚያ ወዲህ እማማ እንደ ድሮው አያጫውቱኝም። ዛሬ ከሰዓት ጉልበታቸውን እያሸሁላቸው ያንን ክኒን ግማሹን ብቻ ስጪኝ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። ልጄ ብትሆን ኖሮ አትጨክንብኝም ነበር ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ። ምን አፍ አለኝ? እማማ ብዬ መጥራት የለመድኩት እናንተ ቤት ነው።

ብትቆጪኝ፣ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጪ ብትዪኝ አልቀየምሽም፤ ሲያንሰኝ ነው። ብቻ ከሁሉ በፊት ደውይላቸውና፣ እማዬ፣ እኔም ብሆን ያንን ክኒን አልሰጥሽም በያቸው። ካንቺ አፍ ይስሙት።

ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ እናትሽን በጤና ያቆይልሽ። እህትሽ ብዬ ልፈርም ፈልጌ ነበር፤ እሱን አንቺ ስትፈቅጂልኝ እጽፈዋለሁ።

ጎረቤትሽ