ወይዘሮ ወለላ ከበበውና የደም ማቅጠኛው ኪኒን

ወይዘሮ ወለላ ከበበው ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ከበበው አንተነህና ከወይዘሮ አማከለች ጎበና በ1954 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። የእህቴ ጥያቄ ሲበዛባቸው አባታችን ፊታቸውን በጋዜጣ ሸፍነው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው አበሩ ነኝ።

በ1979 ከአቶ ታዬ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ሀዊን ወለዱ። በ1998 አቶ ታዬ በጅቡቲ ወደብ ሥራ ሲያገኙ ተከትለዋቸው መጥተው አርሂባ በሚባለው ሰፈር ተቀመጡ። በ2001 ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በሚገኝ ፋርማሲ በጽዳት ተቀጠሩ፤ ፈረንሳይኛ ከደንበኛ አፍ ለቅመው ኋላ መድኃኒት ደርዳሪ ሆኑ።

ቀጥሎ ያለውን እንድጽፍ ያዘዙኝ እርሳቸው ናቸው፤ አቶ ታዬ እስከ ዛሬ አያውቁትም። በ2006 አቶ ታዬ ልባቸውን ታመው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ታዘዘላቸው። በየቀኑ የሚሰጧቸው ወይዘሮ ወለላ ነበሩ። ጉልበቴን አመመኝ ሲሏቸው፣ እንደ ሁላችንም ልማድ ከድሬዳዋ በሰው እጅ ካስመጡት፣ ካርቶንም መመሪያም ከሌለው የሕመም ማስታገሻ ጨመሩላቸው። አቶ ታዬ የተሰጣቸውን ሳያዩ የሚውጡ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ድዳቸው ደማ፣ ሰውነታቸው በለዘ፣ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ሲጠይቋቸው አቶ ታዬ የለም አሉ። የፋርማሲ ሠራተኛዋ እህቴም አፍረው ዝም አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሙን ለብቻቸው ጠርተው ተናገሩ። ሐኪሙ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ አቶ ታዬን አዳኑ፤ እህቴንም በቁጣ ፈንታ አስረዷቸው።

ደም ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። የልብ ኪኒኑ አብዛኛው እሱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል፤ የሚሠራው ያልተጣበቀው ጥቂቱ ብቻ ነው። ማስታገሻው ቦታ ሲሻማ የተለቀቀው ይበዛል፤ ደሙም ያለልክ ይቀጥናል። እህቴ ለእኛ ወደ ሃያብለ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ መስለው አስረዱን፦ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሥራ የለውም፤ የሚሠራው የወረደው ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! ሰው በረሃብ ሲከሳ ወንበሩ፣ ማለት አልቡሚኑ፣ አያንስም ወይ? ሕፃንና ሽማግሌ እኩል ነው ወይ? ሐኪም ባዩ ቁጥር ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ከወንበር መገፋት ብቻ እንዳልሆነ፣ ማስታገሻው ጨጓራንም እንደሚያደማ ደርሰውበት ራሳቸውን አረሙ። ወደ የመን የሚሻገሩ ከሲታ መንገደኞች ፋርማሲው ሲመጡ፣ ሌላ ምን ዋጣችሁ፣ እህልስ ቀምሳችኋል ሳይሉ አይለቁም ነበር።

በ2016 የእህቴ ጉበት ታመመ። አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት መሆኑን ያውቁ ስለነበር፣ በምርመራ ቀን ከሁሉ አስቀድመው አልቡሚናቸው ስንት እንደቀረ ይጠይቁና ደብተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ያስቀኝም ያስለቅሰኝም ነበር።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2017 በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችና እኔን ትተዋል። ስለ አልቡሚን ማንንም ሲጠይቁ ያላፈሩት እህቴ፣ ያን የሁለት ቀን ዝምታ ለባለቤታቸው ለመናገር አሥራ አንድ ዓመት አልደፈሩም። ዓይናቸውን እያየሁ አልችልም፣ ስሞት በሰው ፊት ይነበብልኝ አሉ።

ጋሽ ታዬ፣ ይኸው ተነበበ። ለእህቴ የእግዚአብሔርን ምሕረት ሁላችንም እንለምንላቸዋለን፤ የእርስዎን ግን ከእርስዎ በቀር የሚሰጣቸው የለም።