ሥጋ የማትበላው የባለ ሥጋ ቤቱ ልጅ

ውድ ልጄ ደሚያና፣

ስልክ ብደውልልሽ እንደማለቅስ አውቃለሁ፤ እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ጽሕፈትህን አስተካክል እንጂ፤ ልጅቷ እኮ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ናት!» እያለች ትነዘንዘኛለች። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?

የዚያን እሑድ በቴሌቪዥን «የባለ ሥጋ ቤት ልጅ ነኝ፤ ሥጋ ግን አልበላም» ስትዪ ሻይ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰፈራችን የሹብራ ሰው ደግሞ ለነገር ማን ብሎት! ጎረቤታችን ኡም ሚና በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ቆማ «ሐቢብ፣ ልጅህ ሐምሳ አምስቱ ቀን አልበቃት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ልትጾም ነው? አንተ ወልደህ ያሳደግካት ያልበላችውን እኛ ምን አግብቶን እንብላ?» አለችኝ።

ቀጥለሽ ያልሽውን ግን ማንም አላነሳውም። «በወር አንዴ ሥጋ የሚቀምሰውን ድሃ፣ ኮሸሪህን፣ ሩዝና ምስርህን፣ ብቻ ብላ ልለው እኔ ማን ነኝ? ግን የሚታረድ ከብት እስኪታረድ ድረስ ነፍስ አለው። እሱን ማሠቃየት የለመደ እጅ ነገ ለሰውም አይራራም» አልሽ። ከዚያ በዘጠኝ ዓመትሽ ቄራ ውስጥ ያየሽውን አወራሽ። አልገባም ብሎ የቆመ በሬ፣ ቋንጃውን የቆረጠው ሰው። «ለምንድነው የሚያለቅሰው?» ስትዪው «በሬ አያለቅስም» ብሎ ያባረረሽ ሰው።

«አንድ ሰው» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

ልጄ፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ወረፋው ረዝሟል፣ ደንበኛው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ አንቺ ፉል በዳቦ ይዘሽልኝ ቄራው ድረስ መጣሽ። አባቴም እንደዚያ ሲያደርግ ነው ያየሁት። ምክንያት አይሆነኝም፣ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሽብኝም፤ እኔም ረስታዋለች እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ።

ባለፈው ሐሙስ የሥጋ ሻጮች አለቃ፣ ባሲሊ፣ ሰባት ሰው አስከትሎ መጣና ወረቀት ዘረጋልኝ። ለጣቢያችሁ የሚላክ ነው። ልጅቷ ዋሽታለች፣ ቄራ ረግጣ አታውቅም፣ ከሥራዋ ትነሳ ይላል።

«አባቷ ነህ፤ አንተ ከፈረምክ አለቀ። ካልፈረምክ ግን ለፋሲካ ቄራው ደጃፍ እንዳላይህ» አለኝ።

«ልጄ አልዋሸችም» አልኩት።

«አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ! በስተርጅና ራስህን ታዋርዳለህ?»

«የተዋረድኩትስ ያኔ ነው፣ ባሲሊ። ደግሞ አብረን አይደል የኖርነው? የማን እጅ ከማን እጅ ሊነጻ ነው?»

ከሰባቱ አንዱ፣ ሽማግሌው ተውፊቅ፣ ብዕሩን ኪሱ ከተተና ሳይፈርም ወጣ። ስድስቱ ፈረሙ። ይፈርሙ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እንግዲህ ለዚህ ፋሲካ በሬ አላገኝም። ኡም ሚና «ይኸው፣ ልጅህ አንተንም አስጾመችህ!» ብላ ሳቀችብኝ። «ደግ አደረገች» አልኳትና ደረቴን ነፍቼ አለፍኩ። ድሮ ሰዎች ስለ አንቺ ሲያወሩ አንገቴን እደፋ ነበር፤ አሁን «የማን ልጅ ናት?» ብለው እስኪጠይቁኝ ነው የቸኮልኩት። ሥጋ መብላቴን ግን አልተውም፤ ስትመጪ እንዳንጨቃጨቅ ከወዲሁ እወቂው። ከእንግዲህ ግን እኔ ባለሁበት ቋንጃ የሚቆርጥ ሰው ቢላዋውን መጀመሪያ ከእኔ ይቀማ።

ስሜን የደበቅሽው አባቴ አይዋረድ ብለሽ ነው። አከበርሽኝ፤ በቃ፣ ይብቃሽ። ያ ወረቀት ጣቢያው ሳይደርስ ከእስክንድርያ በመጀመሪያው ባቡር ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። ሱቄ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እጠብቅሻለሁ። ሌላውን ሰው እንደምትጠይቂው ጠይቂኝ፤ አባቴ ነው ብለሽ እንዳትራሪልኝ። መምጣት ካልቻልሽም ይህንኑ ደብዳቤ በቴሌቪዥን አንብቢው፤ ፈቅጃለሁ፣ ከነስሜ።

በሬውን ያሠቃየሁት፣ አንቺንም የወለድኩት፣
ሐቢብ ሻሩቢም፣ ባለ ሥጋ ቤት፣ ሹብራ