ሳይነገረው ባርኔጣውን ያወለቀው እንግዳ

ልጄ ቫሴማ፣ ከባሕሩ ማዶ የምትገቢበትን የምትወጪበትን ደጅ አምላክ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያም ተከደነ።

ማክሰኞ ደሴቶቹን የምታዞረው የሽርሽር ጀልባ መጣች። ሌሎቹ እንግዶች ባርኔጣ አውልቁ ተብለው ሲለመኑ፣ አንዱ ሳይነገረው አውልቆ መንደራችን ገባ። እንደ እንግዳ ወጋችን የካቫ ሥር በሁለት እጁ ለአባትሽ አቀረበ። ሥሩ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲቀዳለት አንዴ፣ ጠጥቶ ሲጨርስ ሦስቴ አጨበጨበ። ፈረንጅ ይህን ከየት ያውቃል?

በኮኮናት ወተት ያዘጋጀሁትን ዓሣ ቀምሶ ደግሞ "ልክ እንደሰማሁት!" አለ።

"ከማን ሰማህ?" ስለው እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ።

አባትሽ "አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" ይለኛል። ይበል። ሰውየው የመጣው ከብሪዝበን ነው፤ አንቺ ካለሽበት። በሚቀጥለው ወርም እመለሳለሁ ብሏል።

እድሜሽ ይርዘም ልጄ፣ ከመምጣቱ በፊት ጻፊልኝ፤ እንግዳ ነው ብዬ ላብላው ወይስ አማቼ ነው ብዬ ልቆጣው?

እናትሽ