ሸራ ጀልባችን ንብ ሳይሰፍርባት እንድትለቀቅልን

ለግድቡ ሐይቅ ጀልባዎች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦንጋ

ጉዳዩ፦ የሞተር ቁጥር የላትም ተብላ የተያዘችው ጀልባ በአስቸኳይ እንድትለቀቅ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ሔርሜላ ሀብተሥላሴ፣ በቦንጋ ከተማ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ ስሆን አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ጀልባዋን ተቆርጦ ከውጭ ከመጣ ኮምፔንሳቶ የገጣጠምናት እኔና የማንኪራው ንብ አናቢ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ቢሻው ነን። ሳንቃዎቹን እኔ በሽቦ አሰርኩ፣ በኮላ አያያዝኩ፤ ሸራውን እሳቸው በእጃቸው ሰፉ። ዓይናቸው በዓይን ግፊት በሽታ እየጠፋ ስለሆነ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የጠፋው እይታ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል።

2. በጥቅምት መጨረሻ በአይሱዙ ጭነን ሐይቁ ድረስ ወሰድናት። ውሃ አለማስገባቷን ለማረጋገጥ አስቀድሜ ብቻዬን ወጣሁ። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ያለ አንዳች ድምፅ ተነሥታ ሄደች። ያን ጊዜ የተሰማኝን በማመልከቻ መግለጽ ተገቢ ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እሳቸውን ለማሳፈር ዳር ስደርስ ጥበቃዎች ጀልባዋን ይዘው የሞተር ቁጥር ጠየቁኝ። በነፋስ እንደምትሄድ ባስረዳ አንደኛው፣ «እንግዲያው ነፋሱን በስምሽ አስመዝግበሽ ነይ» አለኝ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ እስከ ዛሬ አልተሳፈሩባትም።

3. መመሪያው የሚያውቀው የሞተርና የመቅዘፊያ ጀልባ ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ ይጠና ተብሏል። መጠናቱን አልቃወምም። ነገር ግን መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት አለ።

4. ጋሽ ወርቅአፈራሁ በኮላው ብቻ ስላላመኑ መገጣጠሚያዎቹን ከውስጥ ሰም ቀቧቸው። ከዚያም እጃቸው ስለለመደ እንደ አዲስ ቀፎ ንብ በሚስብ ቅጠል አጠኗት። እኔም እያየሁ አልከለከልኳቸውም፤ ጀልባ ዛፍ ሥር ተደፍታ ትከርማለች ብሎ ማን ያስባል? ከፊቷ ያለው ባዶ ክፍል ክዳን ጥበቃዎቹ ሲፈትሹ ተነሥቶ አልተመለሰም። ባለፈው ሰኞ በግቢያችሁ ዛፍ ሥር ሳያት ለመንጋቸው ማደሪያ የሚፈልጉ ቃኚ ንቦች በቀዳዳው ይገቡና ይወጡ ነበር።

5. መንጋው ከገባ ጀልባዋ ቀፎ ሆነች ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ወዶ የገባን መንጋ ማስወጣት ነውር ነው፤ ጋሽ ወርቅአፈራሁም ለራሳቸው ሲባል እንኳ አይፈቅዱልኝም። ይህንን ስነግራቸው ንቦቹ ከየት አቅጣጫ እንደመጡ ጠየቁኝ እንጂ ስለ ጀልባዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራዬን መሥራት አልቻልኩም።

ስለዚህ ጀልባዋ እንድትለቀቅልን፣ ይህ ካልተቻለ ጥበቃ ዳር ቆሞ እያየን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሸራቸውን ማየት ሳይሳናቸው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጡባት እንዲፈቀድ አመለክታለሁ። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ፣ ንብ ጥላ ስለሚወድ፣ ጀልባዋ ዛሬውኑ ከዛፉ ሥር ወደ ፀሐይ እንድትወጣልን እለምናለሁ። ለሁለት ሰው አትከብድም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ሔርሜላ ሀብተሥላሴ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጋሽ ወርቅአፈራሁ ቢሻው (ይነበብላቸዋል)
ማንኪራ