ለክቡርነትዎ፣ ስለ አንድ ፋኖስ ቤት ስም

ይድረስ ለክቡር የድረ ገጽ ስሞች መዝገብ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለአዲስ ደንበኞች የተመደበው የስልክ መስመርዎ ደህና ናቸው? እኔ ጂያን ወን-ቢን እባላለሁ። በታይዋኗ ሉካንግ ከተማ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤትዎን ስሞች ለሱቆችና ለቤተ መቅደሶች ሳከፋፍል የኖርኩ፣ ስለዚህም ክቡርነትዎ የማያውቁኝ ሰው ነኝ። ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስንደውል "አዲስ ደንበኛ ከሆኑ አንድን፣ ነባር ከሆኑ ሁለትን ይጫኑ" ስለሚሉን አመሰግናለሁ። አንድን የተጫነ ወዲያው ሰው ያገኛል፤ ሁለትን የተጫነ ዋሽንት ያዳምጣል። ዜማውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

፪ኛ፦ ለነባር አከፋፋዮች የላኩት ካርድ ደርሶኛል። "ወደ ቤተሰባችን እንኳን በደህና መጡ" ይላል።

፫ኛ፦ ባለፈው ዓመት የወረቀት ፋኖስ ሠሪው ጋሼ ቱንግ-ሼንግ ዐረፉ። የሱቃቸው የድረ ገጽ ስም በእሳቸው ተመዝግቦ ስለነበር፣ ለባለቤታቸው ለእትዬ ችዩ-ላን እንዲዛወር የሞት ማስረጃ አያይዤ አመለከትኩ። ከአራት ወር በኋላ፣ ባለስሙ ራሳቸው በዚህ ወር በማኅተማቸው ያጸደቁት የፈቃድ ደብዳቤ እንዲቀርብ በትሕትና ተጠየቅን። አዲስ ስም ለማስመዝገብ ግን ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

እኛ አከፋፋዮች ለዚህ አንድ ብልሃት አለችን። አሮጌውን ስም ሳናድስ እንተወዋለን፤ ጊዜው አልፎ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ በተለቀቀባት ደቂቃ እንደ አዲስ ደንበኛ እናስመዘግበዋለን። ይህንኑ ለእትዬ ችዩ-ላን ነገርኳቸው።

"ወን-ቢን፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢወስደውስ?" አሉኝ።

"እኔ እያለሁ?" አልኳቸው።

፬ኛ፦ ይህኛው እርስዎን አይመለከትም፤ ተራ ቁጥሩ አንዴ ከተጀመረ ግን ማቆም አቃተኝ። ስሙ በሚለቀቅበት ማለዳ አንድ የሻይ ቤቶች ባለቤት አሥራ አንድ ስም እፈልጋለሁ ብሎ መጣ። አዲስ ደንበኛ ነው። ወንበር ሳብኩለት፣ ሻይ ቀዳሁለት፣ ስለ ቅርንጫፎቹ ሲያወራ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማሁት። ሰዓቱ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። እትዬ የቤት ሰው ናቸው፣ አይቀየሙም ብዬ ነው። ወደ ኮምፒውተሬ ስመለስ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር፤ ስሙም ተወስዷል።

ዛሬ በዚያ ስም የሚከፈተው የቁማር ገጽ ነው። ለፋኖስ በዓል ከየቤተ መቅደሱ የሚመጣው ትእዛዝ በዚያው አድራሻ ስለነበር አሁን ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። ባሕር ማዶ ያለው የፔናንግ ቤተ መቅደስ ጸሐፊም ደውለው፣ የጋሼ ቱንግ-ሼንግ ቤት ቁማር ጀመረ ወይ ብለው እትዬን ጠይቀዋቸዋል።

ወር ሙሉ "መዝገቡ ነው ጉድ የሠራን" ስላቸው ኖርኩ። እሳቸውም አመኑኝ፤ ይባስ ብለው "ተሟገትክልኝ" ሲሉ፣ ቅርጹ የበሬ ምላስ ስለሚመስል በዚያው ስም የሚጠራውን የአገራችንን ብስኩት አንድ ሳጥን አመጡልኝ። ሁለቱን በላሁ። ሦስተኛውን ወደ ሳጥኑ መለስኩት። ክቡር ሆይ፣ አፍሬያለሁ። እርስዎን ስወቅስበት የኖርኩትን ነገር እኔው በእጄ ሠራሁት፤ እርስዎ እንኳ የእትዬን ፊት አያዩም፣ እኔ አያቸዋለሁ።

ስለዚህ ለእኔ ምንም አልለምንም። ያ ስም እንዴት እንደተወሰደ ተመርምሮ ወደ ፋኖስ ቤቱ እንዲመለስ፣ ሟች ማኅተም እንዲመቱም ከእንግዲህ እንዳይጠየቁ ብቻ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ዕድሜና ሥልጣን ያብዛልዎ እያልኩ፣ ለክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ለእትዬ ችዩ-ላን በደለኛ የሆንኩት፣

ጂያን ወን-ቢን
ከሉካንግ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለእትዬ ችዩ-ላን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም "የመዝገቡን ሰዎችማ አላውቃቸውም፤ አንተን ግን አውቅህ ነበር" ብለውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ክቡርነትዎ እንዲህ የሚልዎ አንድም ደንበኛ ስለሌለዎ፣ እንኳን ደስ ያለዎ።