«ቀልደኛ አይምጣ» የተባለላት ቮልስ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው የላሞች፣ የፍየሎች፣ አልፎ አልፎም የአህዮች ሐኪም፣
ለልጅ ልጄ ለምኞት፣
ጂንካ።

የሚከተለውን መግለጫ ቆመሽ እንድታነቢው ይሁን። ከሚያዝያ ወዲህ ተቋርጦ የቆየው የአያትሽ የወይዘሮ የሺዓለም ስድብ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከቁርስ በፊት፣ ሪባን ሳይቆረጥና እንግዳ ሳይጠራ፣ በይፋ ሥራውን ጀምሯል። ተሰዳቢው እኔ ተክለሃይማኖት ነኝ። በሰውም ሆነ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። አሁን መቀመጥ ትችያለሽ።

እንዴት ነሽልኝ የኔ እመቤት? ላሞችሽስ? ባለፈው የረገጠሽ ወይፈን ይቅርታ ጠየቀሽ? ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ሲኖር አንቺ በረት ውስጥ ነሽ፣ አንቺ ስትገኚ ኔትወርኩ የለም፣ ሁለታችሁም ስትገኙ ደግሞ አያትሽ አጠገቤ ናት። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ መሀል ላይ አያቋርጥም፤ «አባባ፣ አሁንስ ዋሸህ» አይልም።

የአያትሽ ነገር እንዲህ ነው። በገና የወደቀች ጊዜ የተሰነጠቀው አጥንቷ ገጥሟል። ይህን ነግረንሻል። ያልነገርንሽ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ ያለኝን ነው። «አባቴ፣ ከእንግዲህ መድኃኒቷ መራመድ ነው። ክረምቱ እስኪገባ እንዲህ ከተኛች እግሯ መራመዱን ይረሳዋል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ላስታውሰው አልችልም» አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። በየቀኑ ብቻ «የሺ፣ እስቲ ትንሽ ወጣ እንበል» እላታለሁ።

«የት ለመሄድ?» ትለኛለች።

እውነትም የት? ዶሮ ማነቂያ የነበሩት ጓደኞቿ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ አንዷን ለመጠየቅ ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። ጊዮርጊስንም አልጋዋ ላይ ሆና ደወሉን ስትሰማ ነው የምትሳለመው። በሚያዝያ አንድ ቀን እንደምንም አግባብቼ፣ በስልክ የሚጠራውን ታክሲ አስመጣሁላት። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ የረዳ መስሎት ብብቷን ይዞ ወደ ላይ ብድግ አደረጋት። «ጆንያ አይደለሁም!» አለችና ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መስደቡንም ተወችው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሰደብኩ ሰው ድንገት ሲቀርብኝ ቤቱ እንዴት እንደሰፋብኝ ላስረዳሽ አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዜና እንዳነብበት ብለሽ ስልኬ ላይ ቴሌግራም አስገብተሽልኝ የለ? እኔ የማነበው የሚሸጥ ዕቃ ነው። ፍሪጅ አያለሁ፣ አልጋ አያለሁ፤ አንድ ቀን ፒያኖ አይቼ እስከ ምሳ ድረስ ፒያኖ ተጫዋች ሆኜ ዋልኩ። በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ይህቺን አገኘሁ፦

«ቮልስዋገን። የ1964 ዓ.ም.። ከመጣች ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ የነበረች። ዝገት የለባትም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ። ደላላ አይደውል። ቀልደኛ አይምጣ።»

ሰዎቹ እኔን ከየት እንዳወቁኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ፎቶዋን ለአያትሽ አሳየኋት። መጀመሪያ አላየችም። ኋላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «የወንድሜ መኪና እጀታ እንደዚህ ነበር። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ይከፈታል። ወንበሩም ዝቅ ያለ ነው፤ ማንም ሳይነካኝ ከፍቼ ገብቼ እዘጋው ነበር» አለች። ስልኩን መለሰችልኝና ዞራ ተኛች።

ምኞቴ፣ ከገና ወዲህ ስለ በር ያወራችው ያን ዕለት ብቻ ነው።

ስልኩ ቢደወል ቢደወል የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሐጂ አብዱረህማንን ይዤ ሄድኩ። ሐጂን ታውቂዋለሽ፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን በሰፋ ቁጥር አንዱን እጅጌ የሚያስረዝመው ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ነው። «ደላላ እንዳንመስል ደህና እንልበስ» ተባባልን። እኔ ነጩን ነጠላዬን እንደለበስኩ ከዘራዬን ያዝኩ፤ እሱ ነጭ ጀለቢያውንና ቆቡን አደረገ። ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ድልድዩ አጠገብ ጫማ የሚያድሰውን ሰው ጠየቅን፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት አሳየን። አንኳኳን። በሩን የከፈተችው ቆንጆ ሴት ልጅ ከእግር እስከ ራሳችን አየችንና፣ «ያ ረቢ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያ ውስጡ ተተረማመሰ። ወንበር ሲጎተት፣ ብርጭቆ ሲንኳኳ እንሰማለን። በመጨረሻ የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ዙህራ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች።

«ግቡ አባቶቼ፣ ግቡ። አረፍ በሉ።»

«እዚሁ ይሻለኛል» አልኩ። ጉልበቴን ታውቂው የለ? እንደዚያ ያለ ሶፋ ውስጥ አንዴ ከሰመጥኩ የሚያወጣኝ ክሬን ነው። እኔ ቆሜ እሱ መቀመጡ ነውር ስለመሰለው ሐጂም ቆመ።

ሴትዮዋ ፊቷ ኮስተር አለ። «ግዴለም፣ ቁጭ ብላችሁ ተናገሩ። ጉዳያችሁ ይሰማል።»

«የለም፣ ቆመን ይሻላል።»

እስቲ አስቢው። እሑድ ረፋድ ላይ፣ ነጭ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሳይደውሉ መጥተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም ይላሉ። ይህ ባገራችን ምን ማለት እንደሆነ የአንቺ ላሞች እንኳ ያውቁታል። ቃል ሳይሰጠው የማይቀመጥ ማን ነው? የእኔ ሐሳብ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር።

ወይዘሮ ዙህራ ስልኳን አንስታ፣ «መጥተዋል! ሱፍህን ልበስና ቶሎ ና» አለች። ብስኩት መጣ፣ ጭማቂ መጣ። ሐጂ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ «እንዴት ያለ ሻጭ ነው?» አለኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጠየቀችን፦

«ወንድሜ እስኪደርስ እንዲያው እኔው ልጠይቅ። ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ሐጂ እኔን አየኝ። «የትኛው ልጅ?»

«የላካችሁ ነዋ!»

«ኧረ እኛን የላከን የለም። በቴሌግራም አይተን ነው የመጣነው።»

ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ ፈነዳ። «እማዬ! ለቮልሷ ነው የመጡት!» አለች ልጅቷ። ሰልዋ ትባላለች። ለካ በዚያ ሰሞን የሰልዋን እጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይጠበቁ ኖሯል፤ ቀኑን ግን የነገራቸው የለም።

ወይዘሮ ዙህራ አፈረች፤ ሲያፍሩ ደግሞ መቆጣት ይቀናል። «መኪናዋ አትሸጥም» አለችና የብስኩቱን ሳህን ከሐጂ ፊት አነሳችው። እሱ እንኳ አንዷን ቀድሞ ይዟት ነበር።

እኔ ከዘራዬን ማስተካከል ጀመርኩ። በሩን እያየሁ የማስበው፣ ቤት ስገባ ለየሺ ምን እንደምላት ነው። ያን ጊዜ ሐጂ ብስኩቱን ውጦ እንዲህ አለ፦ «እኅቴ፣ በስሕተትም ይሁን በሽማግሌ ወግ ተቀብለሽናል። ሽማግሌ ደግሞ ቃሉ ሳይሰማ አይሸኝም።»

ሴትዮዋ ወደ ጓዳ መሄዷን ተወች። ወግ ነዋ! ሳህኑን ይዛ እንደቆመች፣ «እሺ፣ ምን ልታደርጓት ነው?» አለች። «አንዱ መጥቶ ጣሪያዋን ቆርጬ የካፌ በር ላይ አበባ እተክልባታለሁ አለኝ። ሌላው በቁራጭ በቁራጭ ሊሸጣት ነው። ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ሐሙስ ሐሙስ በጨርቅ የሚወለውላትን መኪና! እናንተስ?»

እንደምታውቂኝ ሦስት ታሪክ አዘጋጅቼ ነበር። በአንዱ የሙዚየም መሥራች ነኝ። አፌን ስከፍት ግን ያልተዘጋጀሁበት ወጣ። ስለ የሺ ነገርኳት። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጆንያው፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ስላለኝ። ሐጂ እንኳ የኮሪደሩን አያውቅም ነበር፤ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን አየ።

ወይዘሮ ዙህራ ሳህኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ፣ «በሩን ራሷ ትከፍተዋለች?» አለችኝ።

«የሚይዛት ከሌለ ትከፍተዋለች።»

ሳህኑን ሐጂ ፊት መልሳ አስቀመጠችና ቁልፍ ልታመጣ ገባች።

ምኞቴ፣ መኪናዋን ብታያት! በብርድ ልብስ ተሸፍና ነበር የቆመችው። ውሃ ሰማያዊ ናት። ሥሯ ዘይት የምታፈስ እንደሆነ ማሳያ ካርቶን ተነጥፏል፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። የመርገጫው ጎማ እንኳ ጥርሱ አላለቀም። እኔ ሞተሯን ስሰማ ሐጂ ደግሞ የወንበሩን ስፌት ይመረምራል። «ክሩ ደህና ነው፤ ግዛት» አለኝ። ተጠርቶ የነበረው የወይዘሮ ዙህራ ወንድም ሱፉን ለብሶ እያለከለከ ሲደርስ፣ ሽማግሌው አብዱረህማን ጎማ ሥር ተንበርክኮ ነበር። «እነዚህ ናቸው?» አለ ሰውዬው። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ልጅ እንደሚድር ሰው ቃል አስገቡን። ጣሪያዋ ላይቆረጥ፣ ዝናብ ላይ ላታድር፣ ለአረፋ በዓል ቤተሰብ ልትጠይቅ ልትመጣ። እኔም ማልኩ። ስለ ዋጋው አባትሽ ከጠየቀሽ አላውቅም በይው፤ እውነትሽን ነው። ስሙ ከዞረ በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት ሰልዋ ራሷ ነድታ አመጣችልንና መኝታ ቤታችን መስኮት ሥር አቆመችልን። የእሷ ሽማግሌዎች እንኳ እኛ በሄድን ማግስት ሰኞ መጥተው ተቀምጠዋል አሉ። ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ምንም ሳልል መጋረጃውን ገለጥኩት። አያትሽ ቀና አለች። አየች። አሁንም አየች።

«አንተ ከንቱ ሽማግሌ! ለጡረታህ ያለህን በቆርቆሮ ጨረስከው?»

ከመዝሙር የጣፈጠ ስድብ ነው።

«እጀታው ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ? አልሞከርኩትም።»

«ምንም አታውቅም አንተ! ጫማዬን ስጠኝ።»

ጫማዋን ሰጠኋት። ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች፤ ደረጃው ላይ ቆም ብላ ተነፈሰች፤ ወረደች። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ እንዳልነካት እጄን ጀርባዬ ላይ አጣምሬአለሁ። መኪናዋ ጋ ደርሳ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ተከፈተ። ገብታ ተቀመጠችና በሩን ሳበችው። መጀመሪያ አልገጠመም። «ቆይ» አለችኝና ደግማ ሳበችው፤ ድም ብሎ ተዘጋ።

ከዚያማ ምን ልንገርሽ! መሪውን ይዤ ወደ ጊዮርጊስ ወጣን። አደባባዩን እየዞርን ተሳለምን፤ ትራፊክ ፖሊሱ መንገድ ለቆልን ሰላምታ ሰጠን። በአራት ኪሎ ስናልፍ ተማሪዎቹ ፎቶ አነሱን፤ አያትሽ በመስኮት እጇን እያውለበለበች እንደ እቴጌ ሆነች። ስንመለስ ፒያሳ አንድ ካፌ በር ላይ ቆመን ማኪያቶ በመስኮት አቀበሉን። ሒሳብም አልተቀበሉን።

በይ የኔ ልጅ፣ ይብቃኝ። በእጅሽ የነካሽው ሁሉ ይዳን፤ የሚራገጠው ይገራልሽ፤ የጂንካ ፀሐይ ለአንቺ ጥላ ይሁንልሽ። የሰው እናት ስታምጥ እንደሚራራላት ለእንስሳቱም የምትራሪ ሆነሽ ስላደግሽ፣ የራራሽለት ሁሉ ይመርቅሽ። ሐጂም ሰላም ብሎሻል፤ እጅጌሽን ይጠይቃል።

አያትሽ
ተክለሃይማኖት

ፖስታውን ልዘጋ ስል አያትሽ አንብብልኝ አለች። እስከ ፊርማዬ ድረስ ሰማችና፣ «የዞርነውን አስተካክል» አለችኝ።

እሺ። ጊዮርጊስን አልዞርንም። አራት ኪሎም አልደረስንም፤ ማኪያቶም የለም። መንጃ ፈቃዴን እንዳላሳድስ የዓይን ሐኪሙ በመጋቢት ከልክሎኛል፤ በግራ ዓይኔ የማየው ጭጋግ ነው። መኪናዋ ሰልዋ ካቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ሞተሯን አስነሳሁ፤ አያትሽ «ንዳ እንጂ» አለች። «መንገዱ ተዘግቷል» አልኳት። ወለል ብሎ የተከፈተውን የግቢውን በር አየችው፤ እኔንም አየችኝ። «እንግዲያው እስኪከፈት እንቀመጥ» አለች። ፀሐይ እስክትበረታ ተቀመጥን።

የፈጠርኩት ይህን ብቻ ነው። የተራመደችው እውነት ነው። በማግስቱም ተራምዳለች፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእኔ ቀድማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አገኘኋት።

አንድ ነገር ደግሞ ጻፍልኝ ብላኛለች፦ የምኞት መንጃ ፈቃድ ለመሥሪያ ቤቷ ትልቅ መኪና ብቻ ነው ወይስ ለትንሽም ይሆናል?

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም።